ትሪገር አንድ ፈረስ ብቻ አልነበረም

በአሜሪካዊው ተዋናይ በሮይ ሮጀርስ የካውቦይ ፊልሞች የምናውቀው ወርቃማው ፈረስ ትሪገር ያንን ሁሉ ትርኢት ብቻውን ሠርቷል መባሉ፣ በሰፊው የሚታመን ቢሆንም፣ መታረም አለበት። ቀድሞ ጎልደን ክላውድ ይባል የነበረው ዋናው ትሪገር የፊልሞቹ ባለ ግርማ ፈረስ ሲሆን፣ ሮጀርስ በየከተማው እየዞረ በሚያቀርባቸው ትርኢቶች ላይ ግን ተመልካቹን በተማረው ጥበብ ያስደንቅ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ሊትል ትሪገር የሚባል ሌላ ፈረስ ነበር። እርሱም ለሕዝብ የሚቀርበው ትሪገር ተብሎ ስለነበረ፣ በእኔ አስተያየት፣ ተመልካቹ በመሳሳቱ ሊወቀስ አይገባም። ኋላ የመጣው ትሪገር ጁኒየርም፣ ስሙ ቢያስመስለውም፣ የትሪገር ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ከሞተ በኋላ ቆዳው በፈረስ ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ለዓመታት በሙዚየም የቆመውና በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ በ266,500 ዶላር የተሸጠው ግን ዋናው ትሪገር ነው።