መሥራት አይችልም የተባለ ሰው የተቀጠረበት ሥራ

ሥራ መሥራትም ሆነ ለሥራ መዘጋጀት እንደማይጠበቅብኝ የእንግሊዝ መንግሥት ከወሰነልኝ ዓመታት አልፈዋል። ኩላሊቶቼ ከደከሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል እመላለሳለሁ፤ ከእጥበት በተመለስሁበት ምሽት ሻይ ለማፍላት እንኳ ጉልበት አይኖረኝም፤ ይህንንም መርማሪዎቹ ጠይቀውና መዝግበው ነው ውሳኔ ላይ የተደረሰው። ያው መንግሥት ግን ከአሮጌው የሕመምና የቤት ኪራይ ድጎማ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ካዛወረኝ ወዲህ ደመወዝ የሌለኝ የሒሳብና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኛለሁ። ቀድሞ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተጻጽፈው ይጨርሱት የነበረው ጉዳይ ዛሬ በእኔ ስልክና በእኔ ጣት ላይ ወድቋል። ዋናው ብሶቴ ይህ ነው፤ የገንዘቡ ነገር ሌላ ብሶት ስለሆነ ወደ እርሱም እመጣለሁ።

እንግሊዝ አገር ላልኖረ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒቨርሳል ክሬዲት በ2012 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በ2013 በማንቸስተር አቅራቢያ በአሽተን አንደር ላይን ከተማ የተጀመረ፣ ስድስት የቀድሞ ድጎማዎችን ወደ አንድ የጠቀለለ ሥርዓት ነው። ከስድስቱ መካከል ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሕመምተኛ ይቀበለው የነበረው ኢ.ኤስ.ኤ እና በካውንስል (በአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) በኩል ለኪራይ ይከፈል የነበረው ሃውዚንግ ቤኔፊት ይገኙበታል። በ2017 ይጠናቀቃል የተባለው ሥራ እየተንከባለለ ሄዶ እኛ የኢ.ኤስ.ኤ ተቀባዮች የወረፋው ጭራ ላይ ቀረን፤ በ2022 የእናንተ ተራ በ2028 ነው ተባልን፣ በ2024 ደግሞ ሐሳቡ ተለወጠና ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጀምሮ የመዛወሪያው ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር።

ሕመምተኛውን መጨረሻ ላይ ያስቀሩት አዝነውለት ነው የሚል ሰው ካለ የኮሮናን ዘመን ያስታውስ። ከ2020 ኤፕሪል እስከ 2021 ኦክቶበር ድረስ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ተቀባዮች በሳምንት 20 ፓውንድ ሲጨመር፣ ኢ.ኤስ.ኤ የሚቀበለው ሕመምተኛ አንድም ሳንቲም አልተጨመረለትም። ከቤት መውጣት አትችሉም ተብለን ለአስቤዛ ማድረሻ የምንከፍለው እኛ፣ ጭማሪው ግን ለሌላ። ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2022 የመንግሥት አድራጎት ሕገወጥ አይደለም ተባለ። እንግዲህ ጭማሪ ሲታደል የአሮጌው ሥርዓት ሰዎች ናችሁ ተብለን የቀረን ሰዎች፣ አሮጌው ሥርዓት ሲዘጋ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ ገንዘባችሁ ይቆማል ተባልን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያበግነኝ ደግሞ ይህ ማመልከት የሚሉት ነገር ነው። ኢ.ኤስ.ኤ ይከፍለኝ የነበረውም ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚከፍለኝም አንድ ሚኒስቴር ነው፤ ስሜ፣ የባንክ ሒሳቤ፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሬ፣ የሕመሜ ውሳኔ ሳይቀር በእጁ ነው። ሆኖም ዝውውሩ በራሱ አይፈጸምም። ሰውየው ኢሜይል ከፍቶ፣ የይለፍ ቃል አውጥቶ፣ ማንነቱን በስልክ ካሜራ አረጋግጦ፣ የኪራይ ውሉን አያይዞ፣ ዛሬ ገና ከአውሮፕላን እንደ ወረደ ሰው እንደ አዲስ መለመን አለበት። መጨረሻ ላይም የተጠቃሚ ግዴታ የሚባለውን ሰነድ መቀበል አለበት፤ መሥራት አይጠበቅበትም የተባለው ሰው እንኳ ይህን ሰነድ ተቀብያለሁ ብሎ ካልተጫነው በቀር ማመልከቻው አይንቀሳቀስም።

ገጹ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በዌልስ ቋንቋ ብቻ ነው። እኔ እንደ ምንም አነብባለሁ። ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ግን ለገበያና ለሐኪም ቤት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንጂ ቅጽ የሚያስሞላ እንግሊዝኛ የላቸውም፤ ለዓመታት ቢሮ ሲያጸዱ ወገባቸው የተበላሸ ሴት ናቸው፣ ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። እኔም በወጉ አቅም ሳይኖረኝ የእርሳቸው ጸሐፊ ሆንሁ። በእርግጥ በስልክ ማመልከት ይቻላል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሠራተኛም መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ መብት የሚያውቀው ደብዳቤውን ማንበብ የቻለው ሰው ነው።

ወደ ኪራዩ ልምጣ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛነቴ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። በሃውዚንግ ቤኔፊት ጊዜ ገንዘቡ ከካውንስሉ በቀጥታ ወደ አከራዩ ድርጅት ይሄድ ነበር፤ ኪራይ ሲጨምርም እኔ ሳልሰማ ተስተካክሎ ያድር ነበር። አሁን የአዲሱ ዓመት ኪራይ ደብዳቤ በፌብሩወሪ ይደርሰኛል። ያን ዕለት ቁጥሩን አስገብቼ እንዳልገላገል፣ ጭማሪው ሥራ ላይ ሳይውል አስቀድሞ ማሳወቅ አይፈቀድም። ስለዚህ ደብዳቤውን አስቀምጬ ኤፕሪልን እጠብቃለሁ፣ ኤፕሪል ሲገባ ጆርናል በሚሉት የኢንተርኔት መዝገቤ ገብቼ ኪራዩን ከአገልግሎት ክፍያው ለይቼ እሞላለሁ። የእኔ አከራይ ድርጅት ማሞቂያውን፣ የደረጃውን ጽዳትና ኪራዩን አንድ ላይ ደምሮ ስለሚጽፍ፣ ድጎማ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን የምለየው ደግሞ እኔው ነኝ። በሒሳብ ወሩ (ድጎማዬ በሚታሰብበት ወር) ውስጥ ሳላሳውቅ ከቀረሁ ልዩነቱ ከኪሴ ነው። እጥበቱ አዳክሞኝ ተኝቼ ቢሆንስ? ኢንፌክሽን ይዞኝ ሆስፒታል ገብቼ ቢሆንስ? ቀኑ አይጠብቀኝም።

አስቂኙ ነገር፣ እኔ ቁጥሩን ከሞላሁ በኋላ ሚኒስቴሩ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጥለት አከራዩን በኮምፒውተር ይጠይቃል። ካውንስሎችና የቤት ማኅበራት ለዚሁ ሲባል የተከፈተላቸው የራሳቸው መግቢያ አላቸው። ጠያቂውና ተጠያቂው በቀጥታ የሚገናኙበት መስመር ካለ፣ እኔ በመካከል ገብቼ ሁለቱም የሚያውቁትን ቁጥር የምጽፈው ለምንድን ነው? ይህን የጠየቅኋት የስልክ ሠራተኛ ደግ ልጅ ነበረች፣ ሳቀችና «አሠራሩ ነው» አለችኝ።

ደግሞ የሰኞዎቹ ጣጣ አለ። ካውንስሎችና የቤት ማኅበራት የሚያከራዩት ቤት ኪራይ የሚታሰበው በሳምንት፣ በየሰኞው ሲሆን ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚከፈለው በወር ነው። የሳምንቱን ኪራይ በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉታል። ዓመቱ ግን ሁልጊዜ 52 የክፍያ ሰኞ ብቻ አይኖረውም፤ ከ2024 ኤፕሪል እስከ 2025 ማርች ባለው የኪራይ ዓመት 53 ሰኞዎች ነበሩ። ኪራይህ በሳምንት 140 ፓውንድ ቢሆን ያችን አንዲት ሳምንት የሚሸፍን የለም፤ 140 ፓውንድ ውዝፍ ይጻፍብሃል፣ ውዝፉንም ተከትሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። ሃውዚንግ ቤኔፊት በሳምንት ይታሰብ ስለነበር ይህ ችግር አልነበረበትም። በምርመራና በውይይት የተገኘ ጉድለት አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ የሚያሳየው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርስ አምስት ሳምንት መጠበቁንማ ያልሰማ የለም። አንድ ወር ይታሰባል፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ይታከላል። ኢ.ኤስ.ኤውና ሃውዚንግ ቤኔፊቱ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላሉ፤ ይህም ባለፉት ዓመታት በጩኸት የተገኘ መሻሻል ነው። የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ወይ ትበደራለህ ወይ ቅድመ ክፍያ ትወስዳለህ፤ ቅድመ ክፍያውም ብድር ነው፣ እስከ 24 ወር ድረስ ከድጎማህ እየተቆረጠ ይመለሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሲከፈለው የኖረና ለወር የሚያብቃቃ ቁጠባ የሌለው ሕመምተኛ አዲሱን ሥርዓት በዕዳ ይጀምራል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

አሁን የገንዘቡ ብሶት። በአሮጌው ሥርዓት ፒፕ የሚባለውን የአካል ጉዳት ድጎማ (የዕለት ኑሮ ክፍሉን) የሚቀበል፣ ብቻውን የሚኖርና ተንከባካቢ ተብሎ የሚከፈልለት ሰው የሌለው አካል ጉዳተኛ፣ ለዚሁ ለብቸኝነቱ በሳምንት ከ80 ፓውንድ በላይ ተጨማሪ ያገኝ ነበር። በዩኒቨርሳል ክሬዲት ይህ ጭማሪ የለም። ሌላ ካውንስል አካባቢ ቤት በመቀየራቸው ብቻ ወደ አዲሱ ሥርዓት ገብተው ይህን ገንዘብ ያጡ ሁለት ሰዎች መንግሥትን ከሰው በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አድልዎ ተፈጽሞባቸዋል ብሎ ፈረደላቸው። በደብዳቤ የተዛወርን ሰዎች የመሸጋገሪያ ማካካሻ የምናገኘው ማንም በዝውውሩ ዕለት እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። በዝውውሩ ዕለት! ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገር ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

ማካካሻህ በወር 200 ፓውንድ ነው እንበል። በኤፕሪል ኪራይህ በወር 25 ፓውንድ ጨመረ፣ የኪራይ ድጎማህም በ25 ፓውንድ ከፍ አለ። ማካካሻህ ግን በዚያው ልክ ወርዶ 175 ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩ አልተነቃነቀም፣ ለአከራይህ ግን 25 ፓውንድ አብልጠህ ትከፍላለህ፣ ስለዚህ ጭማሪውን የከፈልኸው ከምግብህና ከመብራትህ ነው። መንግሥት መነሻ ክፍያውን ለኑሮ ውድነት ብሎ ከፍ ሲያደርግም እንዲሁ ማካካሻው ይቀነሳል። ማካካሻው ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ የኑሮ ውድነት ጭማሪ በወረቀት ላይ እንጂ በእጅህ አይገባም። በጨው ላይ እንደሚወርድ ውኃ ነው፤ ሲወርድ አይሰማም፣ ጨው ግን የለም። ደግሞ ያገባ ሰው ማካካሻው በአንድ ጊዜ ይቋረጥበታል፤ ትዳር የምታስብልኝ ካለች ይህንንም አብራ ታስላ።

ትዳርን ካነሣሁ አይቀር፣ ባልና ሚስት አንድ ማመልከቻ አቅርበው ገንዘቡ ሁሉ ወደ አንድ ሒሳብ ነው የሚገባው። ለሁለት ተከፍሎ እንዲገባ መጠየቅ የሚቻለው በልዩ ሁኔታ ነው። በቤታችን ማን ካርዱን እንደሚይዝ ለምናውቅ ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

የድሮው መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ለሕመሙ አንድ ቅጽ፣ ለኪራዩ ሌላ ቅጽ፣ ለልጆቹ ሦስተኛ ቅጽ መሙላት ግራ ያጋባ ነበር፤ ሁሉንም አንድ ቦታ ማድረግ በራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ የሕመም ውሳኔዬም አዲስ ምርመራ ሳልጠየቅ መዛወሩን አልክድም። ነገር ግን በድሮው ሥርዓት አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ይቀጥል ነበር፤ የኢ.ኤስ.ኤ ጉዳይ ቢጓተት ኪራዩ ቢያንስ ይከፈላል። አሁን በጆርናል አንድ መልእክት ሳይነበብ ቢያልፍ ኪራዩም ምግቡም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። መልእክቱን ማንበብ ያለበት ደግሞ ማሽን ላይ ተኝቶ አንድ እጁ የታሰረ ሰው ነው።

ከ2026 ኤፕሪል ወዲህ እንደ አዲስ ለሚያመለክቱ አብዛኞቹ ሕመምተኞች በዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ለሕመም የሚታከለው የጤና ክፍያ በወር ከ423 ፓውንድ ወደ 217 ፓውንድ ገደማ ዝቅ ብሏል። እኛ ቀድመን የገባነው አይነካንም። በዚህም ምክንያት በንቅለ ተከላ ወረፋ ላይ ያለ እንደ እኔ ያለ ሰው አዲስ ስሌት ይዟል፤ ኩላሊት ተገኝቶልኝ፣ ድኜ፣ ሥራ ጀምሬ ከድጎማው ብወጣና ከዓመታት በኋላ የተተከለው ኩላሊት ቢከዳኝ፣ በግማሹ ዋጋ ነው የምመለሰው። ወደ ሥራ ማበረታቻ ብለው የሠሩት ሕግ፣ ሊድን የሚችለውን ሰው ነው የሚያስፈራራው።

ዝውውሩን የጨረሳችሁ ሰዎች የመጀመሪያውን የክፍያ ዝርዝራችሁን አውጥታችሁ እዩ፦ የጤና ክፍያው ገብቷል ወይ? ማካካሻው ለብቻው ተጽፏል ወይ? ከጎደለ እንደገና ይታይልኝ ለማለት ያላችሁ ጊዜ አንድ ወር ነው፣ ከዘገያችሁም ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ጠይቁ። የካውንስል ታክስ (ለካውንስሉ የሚከፈለው የቤት ግብር) ቅናሽ በዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ የለም፤ ለካውንስላችሁ ለብቻው ማመልከት አለባችሁ፣ ይህን ሳይነገራቸው ዕዳ የተቆለለባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የእትዬም ኪራይ በአሮጌው ቁጥር ተይዞ ነበር፤ አከራያቸው ትክክለኛውን ያውቃል፣ ያስገባንላቸው ግን እኔና የስልኬ ባትሪ ነን።