ለዜሮ ጠጪዎቻችን የቀረበ ውዳሴ

የሂሳብ ሊቃውንት ዜሮ በምንም ላይ ቢደመር ለውጥ አያመጣም ሲሉ ኖረዋል፤ ምስኪኖች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን ባላሉ ነበር። እዚያ አንድ የተከበሩ ሰው ቁርጡን ከነጮማው በአዋዜ እያጠቀሱ ካወራረዱ፣ በንጥር ቅቤ የራሰውንም ክትፎ ካስከተሉ በኋላ አስተናጋጁን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ዜሮውን አድርግልኝ፤ ስኳር እየተጠነቀቅሁ ነው» ይላሉ። ስኳር አልባው የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ቀድሞ የተበላው ሁሉ ከመዝገብ ይፋቃል። ዜሮ ተደመረ፤ ድምሩ ቀነሰ።

እንዲህ ያለው ጥበብ የተገኘው ደግሞ እጅ ባለመታጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ውሎ፣ እጁን በወጉ ሳይለቃለቅ ማዕድ ቢቀርብ ዳቦው ጣፈጠው፤ ሳካሪን የተባለው ስኳር አልባ ማጣፈጫ ተገኘ። በ1965 ጄምስ ሽላተር ወረቀት ሊያነሳ ጣቱን ቢልስ፣ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል የሚጣፍጠው አስፓርቴም ታወቀ። እኛ ሳናስታጥብ ማዕድ የማናቀርብ ሕዝብ በመሆናችን ግኝቱ አምልጦናል፤ በአጠቃቀሙ ግን ማን ይደርስብናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትውሰዱ ብሎ መክሯል። ለብዙ ዓመታት የሚያዘወትሯቸው ሰዎች ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው መገኘታቸውን ጠቅሶ፣ ቀድሞውኑ የወፈሩት ሰዎች ስለሚመርጧቸው ሊሆን እንደሚችልም አልሸሸገም። እንዲህ ያለ «ሊሆን ይችላል» ለእኛ ሙሉ ነጻነት ነው። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን እንደማይመለከትም ተነግሯል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ጎረቤታችን «ስኳር የለውም» የሚል የተጻፈበትን ብስኩት ሙሉ ፓኬት በሻይ ሲጨርስ፣ ዱቄቱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ያው ግሉኮስ የተባለው ስኳር እንደሚሆን ማስታወስ ነውር ነው።

ለጠንቃቆቹም ክብር ይገባቸዋል። በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከሚባሉት ጋር ሲመድበው፣ የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ኮሚቴ በዚያው ጊዜ የቀኑን ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም ላይ እንዳለ ተወው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ አስፓርቴም ያለበት ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል ማለት ነው። ጠንቃቆቻችን የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነበርና፣ ከካንሰር ለማምለጥ በማኪያቷቸው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ያማስላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እኒያ የተከበሩ ሰው ዜሮውን ቢያዙ አስተናጋጁ አንገቱን ደፍቶ ማለቁን ነገራቸው። ለጥቂት ጊዜ ተከዙ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ባለ ስኳሩን አምጣው» አሉ። «ግማሽ ኪሎም ጨምርበት፤ ዛሬስ አንዴ ተበላሽቷል።»