«ለአንቺ ብዬ ነው» የሚባል ዋጋ

ቆይ፣ እኔ የምለው፣ ነጋዴ ዋጋ ሲጠየቅ ዋጋውን ቢናገር ምን ይሆናል? ይታመማል?

ኢስታንቡል አራት ቀን ነበርኩ። አንዱን ቀን ሙሉ የበላብኝ አራት ፍሬ ሴራሚክ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እንዳይመስላችሁ። ቱርኮቹ ቺኒ ይሉታል። ነጭ መደብ ላይ በሰማያዊና በቀይ ቱሊፕ የሚሳልበት፣ የመስጊድና የቤተ መንግሥት ግድግዳ የሚለብሰው ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። መጀመሪያ መስጊድ ገባሁ። ኤሚኖኑ ሰፈር፣ ከቅመማ ቅመም ገበያው አለፍ ብሎ የሩስተም ፓሻ መስጊድ አለ። ከሱቆች በላይ ነው የተሠራው፤ በጠባብ ደረጃ ትወጣላችሁ። የሱልጣን ሱለይማን አርክቴክት የነበረው ሲናን በ1560ዎቹ ነው የሠራው። ገና በረንዳው ላይ ግድግዳው አበባ ነው። ውስጡ ደግሞ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ቀዩን ስትነኩት በጣት ጫፍ ከፍ ብሎ ይሰማል። ቀዩ ቀለም ከሸክላ አፈር ስለሚሠራ ወፈር ተደርጎ ነው የሚቀባው። (ሰው እያየኝ አልነበረም፣ ነካሁት። ይቅር ይበለኝ።)

በቃ፣ «ይሄንን ይዤ ካልሄድኩ» አልኩ። ገበያ ወጣሁ።

መርካቶ ተከራክሬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሸራ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ የትም ብትወስዱኝ አልሸወድም ባይ ነኝ። ገና ከበሩ ላይ «ማይ ፍሬንድ፣ ሶማሊ? ናይጄሪያ?» አለኝ ባለሱቁ። ኢትዮጵያ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሀበሽ! ቢላል ሀበሺ!» የነቢዩ ሙአዚን የነበረውን ቢላልን ማለቱ ነው። ደስ አለኝ። እዚያው ላይ ነው የተሸነፍኩት።

ሻይ መጣ። በዚያች ወገቧ ቀጭን ብርጭቆ። ስንት ነው? «መጀመሪያ ሻይ።» ጠጣሁ። ስንት ነው? «ስንት ትፈልጊያለሽ?» አራት። «አይ፣ አራት ለምን? ግድግዳ ስንት ሜትር ነው?» ኧረ ወንድሜ! ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነው የሚይዘው፣ ግድግዳ ይዤ ልሂድ?

በመጨረሻ አንዱ 80 ዩሮ ነው አለኝ። ሊራ ይዣለሁ። ዋጋው ግን በዩሮ ነው፤ ምንዛሪውም እሱ በስልኩ ካልኩሌተር የሚመታው ነው። የእጅ ሥራ ነው? «ሀንድሜድ፣ ሀንድሜድ።» የኢዝኒክ ነው? «ኢዝኒክ፣ ኢዝኒክ።» ኢዝኒክ ማለት እኮ የእኛዋ ኒቅያ ናት፤ 318ቱ ሊቃውንት በ325 የተሰበሰቡባት። ልቤ እንዴት አይራራ? ግን ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የቁልፍ መያዣው ሳይቀር፣ ከኢዝኒክ ነው የመጣው። ኩታህያ የሚባል ከተማ አለ፤ የኢዝኒክ ምድጃዎች ከተዳከሙ በኋላ ሙያውን ይዞ የቀጠለ፣ እስከ ዛሬም ስሙ በቺኒ የሚጠራ። «የኩታህያ ነው» ማለት ምን ነውር አለው? ቆንጆ ሥራ ነው እኮ! አይሉም።

ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ጫፉ የተሸረፈ አንድ አወጣ። «የ300 ዓመት ነው፣ ለአንቺ ብቻ።» እስቲ አስቡት። እውነት ከሆነ ቱርክ ቅርስ ይዞ መውጣት በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ ውሸት ነው። በየትኛው ልደሰት?

80ው 60 ሆነ። ለቢላል አገር ልጅ 45 ሆነ። ተነስቼ በር ላይ ስደርስ 28። እኔም በራሴ ኮርቼ ለአራቱ 112 ዩሮ ቆጠርኩ። ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ ያው አበባ፣ ያው መጠን፣ ዋጋ ተለጥፎበት ቆሟል። 15 ዩሮ። ሻይም የለ፣ ቢላልም የለ፣ ወረቀት ላይ 15።

ማታ ሆቴል ነው የባሰው። አራቱንም አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። አንዷ ቅጠል ላይ ሰማያዊው ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሏል። «አየሽ፣ የሰው እጅ ነው» ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሁለተኛውን አየሁ። እዚያው ቅጠል ላይ ወጥቷል። ሦስተኛውም። አራተኛውም። የትኛው ሰዓሊ ነው አራት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚሳሳተው? በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው ቀለሙ በሙሉ ነጠብጣብ ነው፣ ልክ እንደ ጋዜጣ ፎቶ። ታትሞ የተለጠፈ። ቀዩን በጣቴ ዳበስኩት። ልሙጥ።

የታተመ መሸጡ አይደለም ያናደደኝ። የታተመ ነው ቢለኝ በ10 ዩሮ ገዝቼ መርቄው እወጣ ነበር። በእጅ የሚሳለው ጊዜ ይፈጃል፤ የጥንቱ ዓይነት ሲሆን ደግሞ የሴራሚኩ ገላ ራሱ አብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው የሚሠራው፣ ውድ መሆኑ ይገባኛል። እሱን እየሳሉ የሚኖሩት ሰዎች ዋጋ ነው እኮ በዚህ ማተሚያ የሚበላው።

በነገራችን ላይ፣ ሱልጣን አህመድ ሰማያዊውን መስጊድ ከ1609 እስከ 1616 ሲያሠራ ከ20 ሺህ በላይ ቺኒ ገብቶበታል። የአንዱን ዋጋ ቆርጦ «ከዚህ በላይ አልከፍልም» ብሎ ነበር ይባላል። የመሥሪያ ዕቃው ሲወደድ ባለሙያዎቹ ኪሳራ ላይ ወደቁ፣ ጥራቱም እየወረደ ሄደ። እንግዲህ ሱልጣኑም ተከራክሮ አላተረፈም። እኔ ማን ነኝ?

አንዱ ሻንጣ ውስጥ ተሰብሯል። ሁለቱን ለእህቴ ሰጠሁ። የቀረው ሳሎን ነው። ባለፈው ሰንበት ጎረቤቴ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው አገላብጠው አዩት። «በስንት ገዛሽው ልጄ?» አፍሬ ግማሹን ቀንሼ፣ በብር መትቼ ነገርኳቸው። ጀበናውን ከምድጃ አንስተው ላዩ ላይ አስቀመጡት።

«በዚህ ብር እኮ ሽንት ቤትሽን ታስለብጪበት ነበር» አሉኝ።