ስማቸው መንደር አለው፣ የእኛ ስም ሳጥን አይሞላም

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከእረፍት ተመልሰን ኤርፖርት ስንሰለፍ ሦስት ፓስፖርት እንሰጣለን። ሦስቱም ላይ የተለያየ ሰርኔም (አሜሪካኖች ላስት ኔም የሚሉት የቤተሰብ ስም) አለ። የእኔ ላይ የአያቴ ስም፣ የባለቤቴ ላይ የአባቷ፣ የልጄ ላይ የእኔ። ጠያቂዋ ፓስፖርቶቹን ታገላብጥና ወደ ልጄ ጎንበስ ብላ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ትላታለች። «አባቢ ነዋ!» ትላለች ልጄ።

ልጅ ሰርቆ የሚሄድ ሰው በሞላበት ዓለም መጠየቋ አይከፋም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማስረጃው እኮ እጇ ላይ ነው! የልጄ ሰርኔም የእኔ የመጀመሪያ ስም ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ከዚህ በላይ የሚናገር ስም ከየት ይምጣ?

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ አለ። እሱ ሲገባ ፎርም የሞላለት ሰው ላስት ኔም የሚለው ሳጥን ውስጥ የአባታችንን ስም ጻፈለት። እኔ እዚህ የአያታችንን ተጻፈልኝ። አንድ እናት ያጠባን ልጆች በወረቀት አንተዋወቅም። እሱ ለእኔ ደብዳቤ መጻፍ ባስፈለገው ጊዜ «ወንድሜ ነው» የሚለውን ለማሳመን የፈጀነው ጊዜ ቤት ያሠራ ነበር።

ይህን ብስጭት ይዤ ነው እንግሊዛዊውን ጎረቤቴን የተዋወቅሁት። ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እዚህ አገር ጡረተኛ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዱ አትክልት ይኮተኩታል። የእኔ ጎረቤት አንድ ሰርኔም ይዞ ዕድሜውን ይፈጃል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከ1979 ጀምሮ (ዓመት የምጽፈው እንደ ፈረንጅ ነው) እንዲህ ዓይነት ሰዎች ማኅበር አላቸው። አንዱ አባል አንድ ስም ይይዝና ያንን ስም የተሸከመ ሰው የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ የት ተቀበረ እያለ ይለቅማል። ዘመዱ ይሁን አይሁን ግድ የለውም። የእኛ ሰው ቢያይ «ሥራ ፈት» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ቀናሁ።

የሚወዱት ብርቅ የሆነውን ስም ነው። ስሚዝ አይጠቅማቸውም፤ ትርጉሙ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ በየመንደሩ ስለነበረ ስሙም በየመንደሩ ተፈጥሯል። ብርቅ ስም ግን ሥሩን ተከትለህ ስትሄድ አንድ መንደር፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ጋ ሊያደርስህ ይችላል። ጎረቤቴ የያዘውን ስም ሰውየውን ላለማጋለጥ እተወዋለሁ። ሁላችን የምናውቀውን ልውሰድ። አተንቦሮ።

ዴቪድ አተንቦሮን የማያውቅ የለም። በእኛ ደጋ ከጭላዳ ዝንጀሮዎች መሃል ተቀምጠው በሹክሹክታ ሲያወሩ ያየናቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንድማቸው ሪቻርድ የጋንዲን ፊልም የሠሩት ናቸው። ሰርኔማቸው ግን መንደር ነው። ከኖቲንግሃም ወደ ደርቢ በባቡር ስትሄድ፣ ትሬንት ወንዝ ዳር፣ አተንቦሮ የሚል ጣቢያ አለ። እዚያ ያለችው ትንሽ መንደር ናት የስሙ እናት። የእንግሊዝን ንጉሥ ከዙፋን ያወረደው የኦሊቨር ክሮምዌል አማች የነበረው የጦር አዛዥ ሄንሪ አየርተን እዚያ ነው በ1611 የተወለደው። ጠጠር ተቆፍሮ ከወጣበት በኋላ ውኃ የሞላው ቦታ ዛሬ የወፎች መጠለያ ሆኗል። በ1966 መርቀው የከፈቱት ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ዴቪድ አተንቦሮ። ስማቸው በስማቸው መንደር!

የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ይዘህ ስሙን በካርታ ላይ ብትበትነው ኖቲንግሃምሻየርና ደርቢሻየር ዙሪያ ክምር ይላል። የነዴቪድ አባት ፍሬድሪክ በ1887 የተወለዱት ስቴፕልፎርድ በምትባል ከተማ ነው። ከመንደሩ በእግር የሚደረስ ነው። ስም ከመንደሩ ወጥቶ፣ ባቡርና ፋብሪካ መጥቶ፣ ስንት መቶ ዓመት አልፎ፣ ከብዙዎቹ ባለስሞች ጋር እዚያው አካባቢ ነው ያለው።

አሁን ደግሞ እኔን የነካኝን ነገር ስሙ። ይህ ስም የተሰጠው መንደሩ ውስጥ ለቀረ ሰው አይደለም። አስቡት እስቲ። አተንቦሮ ውስጥ ሁሉም የአተንቦሮ ሰው ነው፤ ማንን ከማን ትለይበታለህ? ሰውየው ወጥቶ ሌላ ቦታ ሥራ ሲገባ ነው «የአተንቦሮው ዊልያም» የሚባለው። አዲስ አበባ ጎጃሜው፣ መንዜው፣ ሐረሬው እንደሚባለው ማለት ነው። እነሱ ያንን መጠሪያ በልጁም በልጅ ልጁም ላይ ጫኑት። እኛ ሰውየው ሲሞት አብረን ቀበርነው።

እና የአገሬው ሰው ደረቱን ነፍቶ የሚጠራው የመንደር ሰርኔም የስደተኛ ስም ነው። ጎረቤቴን እንዲህ ብለው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው። በዚህ ሂሳብ የእኔ ልጅ «የደሴዋ» ተብላ ትጻፍ ነበር፤ የኤርፖርቷም ሴትዮ ባላስቸገረችን።

ሰርኔም እንዲጸና ያደረገው ነገር ብዙ ነው። ከ1066 በኋላ ከፈረንሳይ የመጡት የኖርማን ባላባቶች በርስታቸው ስም መጠራት ልማዳቸው ነበር። ግብርም አለ። በ1377፣ በ1379ና በ1381 በነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል ጸሐፊው አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ዮሐንስ መለየት ነበረበት። ሦስተኛው ግብር አመፅ አስነስቷል፤ ስሞቹ ግን መዝገብ ላይ ቀሩ። ወደ 1400 ግድም አብዛኛው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ስም ነበረው። በ1538 ደግሞ የሄንሪ 8ኛ ባለሟል ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው የሚጠመቀው፣ የሚያገባውና የሚቀበረው ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። ጎረቤቴ ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቶ የሚያነበው ያንን ነው። እኔ የምቀናው በስሙ አይደለም፤ በዚህ መዝገብ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስማችን ከባድ ነው ብለው ሲያማርሩ ዝም አትበሉ። ቾልሞንደሌይ ብለው ጽፈው «ቸምሊ» ብለው የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ፌዘርስቶንሆ የሚመስል ነገር ጽፈው «ፋንሾ» ይሉታል። እንዲህ ካሉ ሰዎች «ኃይለማርያም» አፌን ያዘኝ የሚል ስሞታ አልቀበልም።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ሰርኔም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዋይ የሚባለው ክሮሞዞምም (በሰውነታችን ውስጥ ያለ ዘር የሚያወርስ ክር ነው) ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ?» ብለው መረመሩ። ሌስተር ደግሞ ፍሬድሪክ አተንቦሮ ኮሌጁን የመሩበት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ከተማ ነው። ውጤቱ በ2009 ወጣ። ስሚዝ የሚባሉ ወንዶች መንገድ ላይ ከሚያገኙት ማንኛውም ሰው የበለጠ አይዛመዱም። አተንቦሮ ከሚባሉት ወንዶች ግን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም እጅግ የሚቀራረብ ክሮሞዞም ነበራቸው። አንድ መንደር ብቻ ሳይሆን ምናልባትም አንድ አባት ማለት ነው። ሌላው ሰው አፉን ሸፍኖ የሚጠይቀውንም መልሰዋል፤ ከአባቱ ያልሆነ ልጅ ግምታቸው በየትውልዱ ከ25 አንድ አይሞላም። ሐሜተኛ ከዚህ በላይ ነበር የሚጠብቀው።

እነዚሁ ሰዎች በ2007 ያወጡት ሌላ ነገር አለ፤ ይሄን ለእያንዳንዱ «ከየት ነህ? አይ፣ በእውነት ከየት ነህ?» ባይ ባነብለት እወዳለሁ። ከምሥራቅ ዮርክሻየር የሚመነጭ ብርቅ ሰርኔም አለ። ስሙን ለባለቤቶቹ ሲሉ አልገለጡትም። ያንን ስም የያዙ 18 ወንዶች ተመረመሩ። 7ቱ ላይ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ የማይታወቅ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘ። ነጭ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ስለ አፍሪካ የሚያወራ ታሪክ በቤታቸው አልነበረም። የትውልድ ሐረጋቸው ቢጠና በ1780ዎቹ የተወለዱ ሁለት ሰዎች ጋ ደረሰ፤ አፍሪካዊው አባት ከእነሱም በፊት ነው። ጎረቤቴ ይህን ሲያሳየኝ «አየህ፣ ዘመዳሞች ልንሆን እንችላለን» አለኝ። «እኔ ምሥራቅ ነኝ» አልኩት። አልገባውም።

ወረቀትም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። ቱሪ ኪንግ በ2012 ሌስተር መኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘውን የንጉሥ ሪቻርድ 3ኛን አጽም ከመረመሩት አንዷ ናት። በእናት በኩል ያለው ዲ.ኤን.ኤ. በሕይወት ካሉ ዘመዶች ጋር ገጠመ። በአባት በኩል ግን፣ በወረቀት እንደ ሪቻርድ ሁሉ የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘር ነን የሚሉት የመሳፍንት ወገኖች ከንጉሡ ጋር አልገጠሙም። በመካከል የሆነ ቦታ ላይ የአባት መስመር ተቋርጧል። ቤተ መንግሥት ውስጥ!

ጎረቤቴን የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነው። «ሴቶቹ ይጠፉብኛል» ይላል። ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን ትጥላለች፤ እሱ ያንን ክር ለመያዝ ስንት መዝገብ ያገላብጣል። የእኛ ሴቶች እንደዚህ አይጠፉም። እናቴ አባቴን አግብታ የአባቷን ስም ይዛ ነው ያረጀችው። ማንም የምን ጉድ ነው አላለም።

ትውልድ መቁጠርም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር በአባትም በእናትም ነው። እስከ ሰባት ቤት ስትወጣ በዚያ ደረጃ ብቻ 128 አያት አለህ፤ ሰርኔም የሚነግርህ የአንዱን ነው። በ1975 መሬት የመንግሥት እስኪሆን ድረስ ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ርስት የሚጠይቅ ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ያስረዳ ነበር፤ በእናቱ በኩል ቢመጣም ያው ነው። ሽማግሌ መዝገቡን በጭንቅላቱ ይዞ ይኖራል። ችግሩ ሽማግሌው ሲሞት ነው። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ ሲጽፍ የእኛ ሰው በቃሉ ሸመደደ፤ መሬቱ ሲወረስ ደግሞ ለምን ይሸምድድ? እኔ ከአራተኛው አያቴ በላይ አልሄድም፣ ልጄ ሁለተኛው ላይ ትቆማለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሕጋችን ነው። በ1960 የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ያገባች ሴትም የራሷን የቤተሰብ ስም ይዛ ትቀጥላለች ብሎ ጽፏል። የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር ግን ማን አየው? ሕጉ ሲወጣ እኛ በለመድነው ቀጠልን። ያኔ ተግባራዊ ቢሆን እኔና ወንድሜ ዛሬ በወረቀት ወንድማማች ነበርን።

በቅርቡ ጎረቤቴ «ያንተንም ሐረግ ልሥራልህ» አለኝ። የሚጠቀምበት ፕሮግራም አለ፤ አባት ከላይ፣ ልጅ ከታች እያልክ ታስገባለህ። አስገባን። ፕሮግራሙ በየመስመሩ ቀይ ምልክት ያወጣል፤ «የአባትና የልጅ ሰርኔም ይለያያል፣ ስህተት ካለ ይመርምሩ»። አባቴ ላይ ቀይ። አያቴ ላይ ቀይ። ሰውየው ምልክቱን የሚያጠፋበትን ቦታ ሲፈልግ አመሸ። ከአራተኛው አያት በላይ ባዶ ሲሆንበት ደግሞ «የሚያውቅ ሽማግሌ የለህም?» አለኝ።

ደሴ አንድ አጎት አለኝ። ደወልኩ። ደህና ነዎት፣ ክረምቱ እንዴት ነው ተባብለን ወደ ጉዳዩ ገባሁ። የአራተኛውን አያቴን አባት ስም ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። የእሱን አባት፤ ነገሩኝ። የመጡበትን ቀበሌ ስጠይቅ ግን ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አልኩ።

«ይሰማኛል» አሉ። «ምነው፣ ርስቱ ሊመለስ ነው እንዴ?»