ውድ ካልሆነ አይሰማም

በእኛ ጎንደር እንግዳ ምን ያህል እንደሚከበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሳሎናችን ገብቶ ቡፌውን ይይ። ምግብ የሚደረደርበትን ማለቴ አይደለም፤ ባለመስታወቱን፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የያዘውን የእንጨት ባላባት ነው። አናቱ ላይ ዳንቴል ተነጥፏል። በዳንቴሉ ላይ አምፕሊፋየር፣ በአምፕሊፋየሩ ላይ ሌላ ዳንቴል፣ በሁለተኛው ዳንቴል ላይ የፕላስቲክ አበባ። የአምፕሊፋየሩ መተንፈሻ ቀዳዳዎች መሸፈናቸው ማንንም አያስገርም፤ ጨዋ ቤት ያደገ ዕቃ በሰው ፊት አይተነፍስም። ከግራና ከቀኝ ሁለት ስፒከሮች እንደ ግቢ ዘበኛ ቆመዋል። በመካከላቸው ከአባት የተወረሰው የሸክላ ማጫወቻ አለ። ከሥር፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ለሠርግ ተሰጥተው ከሠርጉ ወዲህ ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

ይህን ድርድር የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ላመሰግነው ነው የተነሣሁት። የሌላ አገር ሰው ዘፈን ሲከፍት የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ ነው፤ ያሳዝናል። እኛ ዘንድ ወፍራሙ ድምፅ በመጣ ቁጥር ብርጭቆው ይንሿሿል፣ ሹካው ይቀበለዋል፣ ማጠፊያው የላላው የቡፌ በር ደግሞ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ይሞላል። በአንድ ሸክላ ዋጋ ሁለት ባንድ።

ጎረቤቴን ላንሣ። ስሙን አልጠራም፤ ሙገሳ የማይወድ ትሑት ሰው ነው (ትሑት መሆኑንም ደጋግሞ ነግሮናል)። ፒያሳ አካባቢ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ፎቅ ላይ ይኖራል። ወለሉ ጣውላ ነው። ልጁ በኮሪደሩ ሲሮጥ የማጫወቻው መርፌ ከአንደኛው አዝማች ወደ ሦስተኛው ትዘላለች፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ጊዜ በተወደደበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መርፌዋስ ምን ታድርግ? ሥራዋ ከፀጉር በሚቀጥን ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተች የቦዩን ግድግዳ መዳሰስና መንቀጥቀጡን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። መንቀጥቀጡ ከሸክላው ይምጣ ከልጁ ኮቴ፣ ከጎዳናው ይምጣ ከጓዳው ሙቀጫ፣ አትለይም። የነገሯትን ሁሉ ታምናለች። ስፒከሮቹ ከእርሷ ጋር አንድ እንጨት ላይ ስለተቀመጡ ደግሞ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በቡፌው በኩል ዞሮ ይመለስባታል፤ እርሷም እንደ አዲስ ወሬ ተቀብላ ለአምፕሊፋየሩ ታቀብላለች፤ አምፕሊፋየሩ አጋንኖ ለስፒከሩ ይነግራል፤ ስፒከሩ መልሶ ለቡፌው። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፤ ከዚያ በኋላ ዘፋኙ በሕይወቱ ያላለው አንድ ረጅም ጉርምርምታ ቤቱን ይሞላዋል። የሠፈር ወሬ እንዴት እንደሚያድግ ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርዶ ለብቻቸው ማቆም፤ ወጪው የሁለት ሰው ጉልበት። ማጫወቻውን ደግሞ ከጣውላው አላቅቆ በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ፤ ልጅ በወለል እንጂ በግድግዳ አይሮጥም። (ደህና ግድግዳ ለቸገረው ሰው አፄ ፋሲል ከተማዋን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ሲቆረቁሩ ያስጀመሩት ግቢ ቅርብ ነው። ዩኔስኮ በ1979 የዓለም ቅርስ ብሎ ባይመዘግበው ኖሮ እስካሁን ስንት መደርደሪያ በተመታበት።)

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ምንም አያስወጣም» አለኝ። እኔ በጎነቱን ስናገር እርሱ ጉድለቱን ሰምቷል። ሲያስቡትም እውነት አለው። ምንም ያላስወጣ ነገር ለእንግዳ ምን ተብሎ ይታያል? «እነሆ፣ ይህን ስፒከር ከቦታው አነሣሁት» ይባላል?

ወደ ብየዳ ቤት የሄዱም አሉ፤ እነርሱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከቱቦላሬ ብረት የተበየደ መደርደሪያ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ቢሞላበት ደግሞ ብረቱ እንደ ደወል መጮኹን ይተዋል። የእኛ ሰው ግን አሸዋውን ትቶ በየማዕዘኑ የወይን ዘለላ አስበይዶ፣ መደቡን መስታወት አድርጎ ወደ ቤት ያስገባል። አሸዋ እንደሆነ አይታይም። ዘለላው ይታያል፣ ሙዚቃ ሲከፈትም ቅጠል በቅጠል እየተንቀጠቀጠ ይሰማል።

ጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ ላቀ። እግር አስመጣ። ወርቅማ ቀለም የተቀቡ፣ ጫፋቸው እንደ ጦር የሾለ አራት የብረት ሾጣጣዎች፣ በከፋይ ጨርቅ በተለበጠ ሳጥን፣ በዘመድ ሻንጣ ባሕር ተሻግረው መጡ። ዋጋቸውን ሦስት ጊዜ ነግሮናል፤ በሦስቱም ጊዜ ጨምሯል። ለምርቃታቸው ቡና ተፈላ።

ሾጣጣ እግር ዕቃን ከቆመበት ጋር ያጣብቀዋል እንጂ አይለየውም። ምንጣፍ ላይ የቆመ ከባድ ስፒከር እንዳይወላወል ምንጣፉን በስቶ ከወለሉ ጋር ያገናኘዋል፤ ለዚያ ደግ ነው። ንዝረት ለማገድ መግዛቱ ግን ሌባ ለመከላከል ድልድይ እንደ መሥራት ነው። ጎረቤቴ ደግሞ እግሮቹን ያቆማቸው ከአምፕሊፋየሩ ሥር ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ መንቀጥቀጥ የሚያውከው አንድም አካል የለም፤ ትራንዚስተር ወለል ስለተነቃነቀ ዜማ አይስትም። የሾለው ጫፍ የቡፌውን ቫርኒሽ እንዳይወጋ እናቱ በእያንዳንዱ እግር ሥር የአንድ ብር ሳንቲም አደረጉ። ከመላው አደረጃጀት የታዘዘውን በትክክል የፈጸመው ይኸው አራት ብር ነው። ቫርኒሹ አልተጫረም።

ዘፈኑ የተከፈተው ከስልክ፣ በብሉቱዝ ነው። ስልክ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ የሊማሊሞን ቁልቁለት ቢወርድም ያንኑ ዘፈን ያንኑ አድርጎ ነው የሚያጫውት። በእውነት የሚንቀጠቀጠው፣ እግር የሚያስፈልገው የአባቱ ማጫወቻ እዚያው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ዘፋኙ አሁን ፊቴ ቆመ» አለ። እኛም ጨፈንን። ብርጭቆዎቹ ተንሿሹ። አንድ ሽማግሌ «በእርግጥ ልዩነት አለው» አሉ፤ ከምን እንደሚለይ አልተናገሩም፤ የጠየቀም የለም። እናቱ በዚህ መካከል ጀበናውን ከማቶቱ አንሥተው ቀዱልንና መልሰው በማቶቱ ላይ አስቀመጡት። ቂጡ ክብ የሆነ ጀበና ሳይወላወል ተቀመጠ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ማስቀመጫ ያ ከሣር የተጎነጎነ ቀለበት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ሳጥኑ ከፋይ ስላልነበረ ማንም ዓይኑን አልጨፈነለትም።

እኔም ሸክላ ወዳድ ነኝ። አምሃ ሪከርድስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ያሳትማቸው ከነበሩት ዓይነት፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ጥቂት ትንንሽ ሸክላዎች አሉኝ። እነርሱን በሰላም ለመስማት አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ሦስት ቦታ የተለጠፈ የባጃጅ ከመነዳሪ ለመንሁ፤ በነጻ ሰጠኝ። በእጅ ፓምፕ ጥቂት ነፋሁትና ከግንባታ የተረፈ የእብነ በረድ ቁራጭ ጫንሁበት፤ በእብነ በረዱ ላይ ማጫወቻው። ምሥጢሩ ከአነፋፉ ላይ ነው። ጠጥሮ የተነፋ ከመነዳሪ ከድንጋይ አይሻልም። ለስለስ ብሎ ከባድ ነገር ሲጫንበት ግን በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ፣ እንደ ጠገበ ሰው ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከዚህ ውዝዋዜ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል የሚፈጥን ንዝረት ወደ ላይ ሲያልፍ እየደከመ ይሄዳል፤ በጣም የፈጠነው ጭራሽ አይደርስም። ከእርሱ ጋር እኩል የሚወዛወዝ ቢመጣ ግን ያባብሰዋል። የማጫወቻው ክንድ ራሱ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መወዛወዝ ስለሚወድ ማረፊያው ከዚያ በጣም የዘገየ መሆን አለበት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ፣ «ጎማ ቤት ልትከፍት ነው?» አለችኝ።

ጎረቤቴ ከነልጁ መጣ። ልጁ እንደ ልማዱ ሮጠ። መርፌዋ ከቦዩ አልወጣችም፤ ዘፈኑ ከነአዝማቹ፣ ሳይዘልል አለቀ። ጎረቤቴም ደስ ብሎት ሳለ ጎንበስ ሲል ከመነዳሪውን ከነልጣፊው አየው። ፊቱ ተለወጠ። «ድምፁ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ጋሼ፤ ጎማ ጎማ ይላል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ከመነዳሪ በጥቁር ከፋይ አሰፋሁትና ጠራሁት። ከጀርመን የመጣ ነው አልሁ፤ ዋጋውን ሲጠይቀኝ ከእርሱ እግሮች በእጥፍ አስበልጬ ነገርሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሸክላው ገና ግማሽ ሳይደርስ ዓይኑን ጨፈነ። «ይኼማ ሌላ ነው! ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል» አለ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ እንዳስመጣለት ለመነኝ። እሺ አልሁት፤ ሰው በደስታው መካከል እንዴት ይከለከላል?

ወደ ጎሚስታው ተመልሼ ልጣፊ የሌለበት እንዲመርጥልኝ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደምፈልገውም ሳልደብቅ ነገርሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥቂት አሰበና ዋጋ ጠራ። ባለፈው በነጻ ሰጥተኸኝ አልነበረም ወይ ብዬ ተከራከርሁት።

«ለባጃጅ ከሆነ ዛሬም በነጻ ይውሰዱት፣ ጋሼ» አለኝ። «ለሙዚቃ ነው አሉ እንጂ።»