ከመልሱ በፊት ግምቱን እንጠይቃቸው

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ነው። መልሷ ሁለት አምስተኛ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራለች። ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ሌላ ምንም የለም።

ስህተቷን አልነገርኳትም። «ግማሽ ዳቦ አለሽ እንበል። ሲሶ ብጨምርልሽ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። መጀመሪያ ሲሶ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያቶቻችን ሲሶና እርቦ እያሉ እህል ይካፈሉ ነበር፤ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ለልጆቻችን ሳናወርሳቸው መቅረታችን ይቆጨኛል። ከነገርኳት በኋላ «ይበልጣላ!» አለች። «ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣል?» ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «አቦ! ያንሳል እኮ» ብላ ላጲስ ፍለጋ ተነሳች።

ይህቺ ልጅ መደመር አያቅታትም። ግን የጻፈችው ቁጥር ትልቅ ይሁን ትንሽ ዞር ብላ አላየችም። እንድታይም የጠየቃት የለም። እዚህ ሐረር ውስጥ የማያቸው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መልመጃዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። አርባ ጥያቄ፣ ሀ ለ ሐ መ፣ ቶሎ ጨርስ። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ልጆቹ ከወዲሁ ማክበብ ይለማመዳሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጁ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ይገምት። ግምቱንም ይጻፈው።

ግምት ሲጠየቁ ያልገባቸው ነገር ወዲያው ይወጣል። አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል የሚል ልጅ አለ፤ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ። 0.35 ከ0.5 ይበልጣል የሚልም ሞልቷል፤ 35 ከ5 ስለሚበልጥ። ምርጫ ሲያከብቡ ይህ ተሸፍኖ ያልፋል።

ግምትን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልጅቷን ቀሚስ ላሰፋላት እዚያ ወደማውቃቸው ልብስ ሰፊ ወሰድኳት። ሲዘረጋ ክብ የሚሆነውን ዓይነት ቀሚስ ነው የፈለገችው። ወገቧን ለኩ፤ 66 ሳንቲሜትር። ጨርቁን አራት እጥፍ አደረጉት። ከታጠፈበት ጫፍ ጀምረው ለኩና በጠመኔ ቅስት ሠሩ። «ጋሼ፣ ወገቤ ልክ እንደሚመጣ በምን አወቁ?» አለቻቸው። «66ን ለስድስት አካፍዪ። 11 ነው። ከዚያ ትንሽ ትቀንሻለሽ» አሏት። 10 ተኩል ላይ ነበር የቆረጡት።

ቤት ስንመጣ በቀመሩ ሠራነው። የክብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ነው። ፓይን 22 ለ7 ብንወስድ 66 የሚሰጠን ሬዲየስ በትክክል 10.5 ነው። ሁለት ጊዜ ፓይ ከስድስት ትንሽ ይበልጣል፤ 6.28 አካባቢ ነው። ሰውየው «ትንሽ ትቀንሻለሽ» ያሉት ለዚህ ነው። ልጅቷ ይህን ቀመር ክፍል ውስጥ በቃሏ ወጥታዋለች። ወገቧ ላይ ሲያርፍ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ዙሪያና ስፋትንም ብዙ ልጆች ያምታታሉ። ለዚህ ከጀጎል የተሻለ መልመጃ አላውቅም። ግንቡ ዙሪያው 3 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ግንብ ዘርግተን እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ብናደርገው እያንዳንዱ ጎን 875 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ወደ 76 ሄክታር ተኩል ይመጣል። ዩኔስኮ የመዘገበው የጀጎል ስፋት ግን 48 ሄክታር ነው። ታዲያ ቀሪው የት ሄደ? ልጅቷ ካርታውን ከስልኬ ላይ አየችውና «ግንቡ እኮ ይጠማዘዛል» አለች። ዙሪያው አንድ ሆኖ ስፋቱ ሊለያይ እንደሚችል ያኔ ገባት። 48 ሄክታር ስንት የኳስ ሜዳ እንደሚሆን ስጠይቃት ደግሞ አሥር አለች። 105 በ68 ሜትር በሆነ ሜዳ ብናሰላው 67 ይወጣል። ግምቷ በጣም ተሳስቷል፤ ይሳሳት። አሁን ሄክታር ምን ያህል እንደሆነ አትረሳውም።

የማውቃቸው አስተማሪዎች ጊዜ የለም ይሉኛል። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ የሚታረመው ደብተር ብዙ ነው፣ ፈተናው ደርሷል። እውነታቸውን ነው። ግን አርባውን ጥያቄ አሥር ብናደርገውስ? ከእያንዳንዱ በላይ ለግምት አንድ መስመር ባዶ እንተው። ግምቱ ቢስት ኤክስ አይደረግበት። ለፈተናውም ቢሆን ይጠቅማል። 19.8 ሲባዛ በ5.1 ስንት ነው ተብሎ 10.098፣ 100.98 እና 1009.8 ቢቀርብለት፣ ሃያ ጊዜ አምስት መቶ ነው ብሎ የገመተ ልጅ ሳያባዛ ያገኘዋል። ወላጆችም ማታ ደብተር ስናይ «ስንት አገኘሽ?» ከማለታችን በፊት «ስንት መስሎሽ ነበር?» እንበል። ሒሳብ የማያውቅ ወላጅም ይህን መጠየቅ ይችላል።

የፊታችን ቅዳሜ እኔና የእህቴ ልጅ ከሸዋ በር ተነስተን ግንቡን በእግር ልንዞር ነው። እርምጃችንን እንቆጥራለን። ደብተሯ ላይ ግምታችንን ከወዲሁ ጽፈነዋል። እኔ ስድስት ሺህ ብያለሁ፤ እሷ አምስት ሺህ።