የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት አይታችሁታል?

ወገኖቼ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር እሳት ለብሰን እሳት ጎርሰን እንነሳለን። በ2014 ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ተተራመሰ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። ያኔ ያልተሳደበ ማን አለ? ሚኒስቴሩ፣ መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ ቲክቶኩ፣ ሁሉም የድርሻውን ቀመሰ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሲሆን ደግሞ «ተመስገን፣ ተሻሽሏል» ብለን ወደየጉዳያችን ተመለስን። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ ወድቆ እኮ ነው!

ቁጣው ልክ ነው። ግን ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ማንን ነው የምትልኩት? እውነቱን እናውራ። ሠራተኛዋን ነው። ወይ ታላቅ እህቱን። ለሁለት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ይጀመራል። ከፊት ጥቂት እናቶች፣ ከኋላ ሁለት ሽማግሌዎች። ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን ያነባል። «ጥያቄ አለ?» ይላል። ጭጭ። ይጨበጨባል፣ አቴንዳንስ ይፈረማል፣ አለቀ።

ይህ ስብሰባ የወግ አይደለም። ወመተህ የምንለው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ሥልጣን አለው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የሚሉት፣ ምን ላይ ይዋል ሲባል ወላጅ ድምፅ አለው። ስንት ገባ፣ ለምን ወጣ የሚለውም ወላጅ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ተለጥፎ ይሆናል። ማን ያነበዋል? ሰሌዳው አጠገብ ቆመን ስልካችንን እንነካካለን። ስናወራ ግን «ብሩ ተበላ» እንላለን። ስንት እንደነበረ ሳያውቅ ተበላ የሚል ሰው ሌባን አያስፈራም።

ደግሞ ብዙ ብር እንዳይመስላችሁ። ወረዳው ለትምህርት ከሚመድበው ላይ አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ትንሽ ስለሆነች ነው መጠየቅ ያለባት። ያቺ ብር ቀለም ከተገዛባት ቧንቧው ሳይጠገን ይከርማል። በሩና አጥሩ የሚቀቡት ደግሞ እንግዳ ሲመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ሽንት ቤቱ እንምጣ። በቀጠሮ ሳይሆን በድንገት ግቡና እዩት። በሩ አለ፣ መቀርቀሪያ የለውም። ሴቶቹ ተራ በተራ ለጓደኛቸው በር ይይዛሉ። ሮቶው ቆሟል፣ ውሃ የለውም። የመምህራኑ ሽንት ቤት ንጹሕ ነው፤ ቁልፉ ቢሮ ተንጠልጥሏል። ላለመሄድ ሲሉ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች አሉ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ የወር አበባዋ ቢመጣባት የት ትሂድ? ወደ ቤት ነዋ። በየወሩ ቀን ይጎድልባታል፤ ሒሳብ ስትወድቅ «ሰነፍ» እንላታለን። እኛ ሽንት ቤቱ የሚሸት ካፌ ሁለተኛ አንገባም። ልጆቻችንን ግን ሙሉ ቀን እዚያ እናውላለን። መቀርቀሪያ፣ ሳሙና፣ ባልዲ፣ ካርቶን ሞዴስ። ለዚህ ሚኒስትር አያስፈልግም።

ውጭ ያላችሁም አታመልጡኝም። ለተወለዳችሁበት ቀዬ አዋጥታችሁ ብሎክ ያስገነባችሁ፣ ኮምፒውተር የላካችሁ አላችሁ። እግዜር ይስጥልን። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላስ ደውላችሁ ጠይቃችኋል? ስንት ቦታ ኮምፒውተሩ ፕላስቲኩ ሳይነሳለት ተቆልፎበታል። መጽሐፉም «እንዳይበላሽ» ተብሎ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል። (ሁሌም ስብሰባ ነው።) ለምረቃ የሚያዋጣ ሞልቷል፤ ለጥገና የሚያዋጣ ግን የለም። ጣሪያ ማስጠገን ፎቶ አያስነሳም። እናንተ ግን ለሚቀጥለው ግንባታ ብር ከመላካችሁ በፊት የድሮው ላይብረሪ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚከፈት ጠይቁ።

አንድ ሌላ ነገር ሆዴን ይበላዋል። «መምህር፣ ግረፍልኝ» የምትሉት ነገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ሕጉ ከጸደቀ ከሠላሳ ዓመት አለፈው። ዛሬም ልጅን ጠጠር ላይ ማንበርከክ ሥነ ሥርዓት ማስያዝ የሚመስለው ወላጅ አለ። ልጁ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ሲል ደግሞ ግራ ይገባዋል። ምን ያስገርማል? እናንተም ግረፍልኝ ከምትሉ፣ ማን አስፈራራህ፣ ከማን ጋር ተቀመጥክ፣ ቁርስ በልተህ ነው ወይ የገባኸው ብላችሁ ጠይቁት። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ይህቺን ያገኛሉ፤ በሌለበት ባዶ ሆዱን ተቀምጦ ሰሌዳ የሚያይ ልጅ ብዙ ነው።

እና ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ወመተህ ሲመረጥ አትሽሹ። እስካሁን «እሳቸው ጊዜ አላቸው» እየተባለ ጡረተኛ ብቻ ነው የሚመረጠው። ጡረተኞቹ ይክበሩልን፣ እነሱ ባይኖሩ ያቺም ስብሰባ አትኖርም ነበር። ግን ሒሳብ የምታውቁ፣ ግንበኞች፣ ነርሶች፣ ቧንቧ ሠራተኞች በየሰፈሩ ሞልታችኋል። የወጪ ሰነድ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ቢኖር ወሬው ይቀየራል። ስማችሁ ሲጠራ እሺ በሉ፤ በጓሮ በር ሹልክ አትበሉ።